ትርፌ ከየት መጣ? ስለ አክሲዮንና ስለ ውጭ ምንዛሪ ንግድ የቀረበ የኅሊና ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን ብቻ ሳይሆን በገጠር ገበያዎቻችንም ያልተለመዱ ቃላት መሰማት ጀምረዋል። አክሲዮን፣ የትርፍ ድርሻ፣ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ፣ ፎሬክስ፣ ሌቨሬጅ የሚባሉት ስሞች ቀድሞ በባንክ ሠራተኞችና በምጣኔ ሀብት መምህራን አንደበት ብቻ ይነገሩ ነበር። ዛሬ ግን በዛሪማ ሻይ ቤት ተቀምጦ የዶላርንና የዩሮን መውጣትና መውረድ በስልኩ የሚከታተል ወጣት ቢታይ ብዙም የሚደነቅ የለም። ወላጆችም ነገሩ ቢያሳስባቸው ካህናትን ይጠይቃሉ፤ «ይህ ንግድ ነው ወይስ ቁማር? ገንዘቡስ የተባረከ ነው?» ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «ያለ ላብ የተገኘ ገንዘብ ሁሉ ርኩስ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ገበያ ገበያ ነው፤ ገዢም ሻጭም ወዶ እስከ ተዋዋለ ድረስ ኃጢአት የሚባል ነገር የለም» ይላል። የመጀመሪያው መልስ ሐቀኛውን ነጋዴ ከአታላዩ ጋር ደርቦ ይኰንናል፤ ሁለተኛው ደግሞ አታላዩን ከሐቀኛው ጋር ደርቦ ያጸድቃል። ሁለቱም ሰውን ከማሰብ ያሳርፋሉ እንጂ ኅሊናን አያበሩም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሁለቱም የተለየ መንገድ እንከተላለን፤ ይኸውም ስለ እያንዳንዱ ንግድ «ትርፌ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አሞሌና የሊማሊሞ ዳገት

ነገሩን ከራሳችን ታሪክ እንጀምር። ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ በአድዋ በኩል ተከዜን የሚሻገረው የሲራራ ነጋዴ፣ ከሰሜን ተራሮች ሥር ካለው ከዛሪማ ቆላ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ወደ ከተማይቱ ይገባ ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። በሰሜኑ የሲራራ ንግድ ከፍ ያለ ቦታ ከነበራቸው ሸቀጦች አንዱ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ወጥ የሚያጣፍጥ ጨው ብቻ ሳይሆን በገበያ የሚመነዘር ገንዘብም ነበር። በማርያ ቴሬዛ ብር ሲመነዘር ግን ዋጋው በየቦታው ይለያያል። ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ አጠገብ በአንድ ብር ብዙ አሞሌ ይገኛል፤ ወደ መሐል አገር በተራቀ ቁጥር በዚያው በአንድ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉና መንገዱ ሲቋረጥ ደግሞ ዋጋው ይብስ ከፍ ይላል።

አሞሌን በረከሰበት ገዝቶ በተወደደበት የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ የዓለም የገንዘብ ገበያ «አርቢትራጅ» የሚለውን፣ ማለት በሁለት ገበያዎች መካከል ባለው የዋጋ ልዩነት ማትረፍን፣ ይሠራ ነበር። ይህ ትርፍ ከየት መጣ? ከአጋሰሱ ጀርባ፣ ከዳገቱ፣ ከሽፍታውና ከሞላው ወንዝ ፍርሃት መጣ። የጎንደር ባለቤት ጨው አገኘች፤ የትግራይ ሻጭ ገዢ አገኘ፤ ነጋዴውም የድካሙን ዋጋ አገኘ። ከሦስቱ የተጐዳ የለም። ስለዚህ ከዋጋ ልዩነት ማትረፍ በራሱ ነውር አይደለም።

አሁን ሌላ ነጋዴ እናስብ። ይህኛው ዳገት አይወጣም፤ በጎንደር ተቀምጦ በበጋ አሞሌ ይገዛል፤ ወንዞች እስኪሞሉ ጠብቆ በክረምት ይሸጣል። ይህስ ሰው በድሏል? በችኮላ መፍረድ አይገባም። የመጀመሪያው ነጋዴ ጨውን ከቦታ ወደ ቦታ እንዳሻገረ፣ ይህኛው ከወራት ወደ ወራት አሻግሮታል። ዮሴፍም በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ በሰባቱ የረሀብ ዓመታት ሕዝብን አድኗል። ነገር ግን ይኸው ሰው በገበያው ያለውን አሞሌ ሁሉ ጠቅልሎ ቢገዛና ሌላ ሻጭ እንዳይገኝ ቢያደርግ፣ እጥረቱን ያመጣው ክረምቱ ሳይሆን እርሱ ራሱ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ እህልን የሚያስቀር ሰው በሕዝብ እንደሚረገም የሚናገረው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። እጥረትን ማሻገርና እጥረትን መፍጠር በመጋዘኑ በር ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በኅሊና ፊት ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

እንግዲህ የንግድ ትርፍ ከሦስት ምንጮች ይፈልቃል ለማለት እንችላለን። አንደኛው አንድን ጠቃሚ ነገር በመሥራት ወይም ወደሚያስፈልገው ሰው በማድረስ የሚገኝ ነው። ሁለተኛው ሌላው ሊሸከመው ያልቻለውን ሥጋት በመሸከም የሚገኝ ነው። ሦስተኛው ግን ከሌላው ሰው አለማወቅ፣ ከችግሩ ወይም ከተሰጠው ተስፋ የሚቀዳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተገቡ ናቸው። ሦስተኛው ግን ሕግ ቢፈቅደውም ኅሊና አይፈቅደውም። በዚህ ሚዛን የዛሬዎቹን ቃላት እንመርምራቸው።

ስለ አክሲዮን

አክሲዮን ማለት በአንድ ድርጅት ባለቤትነት ውስጥ ያለ ድርሻ ማለት ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ ባለ አክሲዮኑ የትርፍ ድርሻ ያገኛል፤ ሲከስር በከፈለው ገንዘብ መጠን ይከስራል፤ ከዚያ አልፎ ቤቱንና በሬውን የሚጠይቀው የለም። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1602 በተቋቋመው በሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አማካይነት በአምስተርዳም ከተማ ገነነ። በአገራችንም በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አክሲዮን ይሸጥና ይገዛ ነበር። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች በመንግሥት ሲወረሱ ያ ጅምር ተቋረጠ። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች እንደገና ሲፈቀዱ አክሲዮን ተመለሰ፤ ይሁን እንጂ ባለ አክሲዮኑ ድርሻውን ለመሸጥ ቢፈልግ የሚወስድበት የተደራጀ ገበያ አልነበረውም። በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ባንክ ወጋገን ባንክ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ከ33 አክሲዮን ያላነሰ፣ ከ3,333 ያልበለጠ እንዲሆን መወሰኑም የሚደነቅ ነው፤ ጥቂቶች ብቻ እንዳይጠቀልሉት የታሰበበት ይመስላል።

አክሲዮን ገዝቶ ለዓመታት የሚይዝ ሰው ትርፉ ከየት ይመጣል? ድርጅቱ ከሠራው ሥራ ይመጣል። ሥራው ካደገ ገዢውም፣ ድርጅቱም፣ ሠራተኛውም፣ አገልግሎቱን የሚያገኘው ሕዝብም ይጠቀማሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1991 በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ትርፍ የአንድ ድርጅት ጤንነት ተገቢ ምልክት መሆኑን አምነው፣ ብቸኛው ምልክት ግን አለመሆኑን አስተምረዋል፤ ሒሳቡ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ሰዎች የሚዋረዱበት ድርጅት ሊኖር ይችላልና። ስለዚህ አክሲዮን የሚገዛ ክርስቲያን «ስንት ያተርፍልኛል?» ከማለት ጋር «ምን ይሠራል? ሠራተኛውን እንዴት ይይዛል?» ብሎ ቢጠይቅ ባለቤትነቱን በእውነት ተረከበ ማለት ነው።

በዚህ ገበያ ሁለት እንስሳት በተደጋጋሚ ይጠራሉ። ዋጋ ወደ ላይ ሲወጣ «የበሬ ገበያ»፣ ወደ ታች ሲወርድ «የድብ ገበያ» ይባላል። በሬ በቀንዱ ወደ ላይ ስለሚወጋ፣ ድብ በመዳፉ ወደ ታች ስለሚመታ ነው ይባላል። በሬውን እናውቀዋለን፤ ድብ ግን በአገራችን ስለሌለ ብዙዎች ወጣቶች ሳይፈሩት ይገቡበታል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚመክሩት ገንዘብን በልዩ ልዩ ድርጅቶች አከፋፍሎ ማስቀመጥንም የእኛ ገበሬ ከጥንት ያውቀዋል። ማሳውን ሁሉ በአንድ ዘር አይሸፍንም፤ ማሽላው ቢደርቅ ጤፉ ይተርፋል ብሎ ያከፋፍላል። ይህን ማድረግ ሥሥት አይደለም፤ የራስን አለማወቅ ማወቅ ነው።

የሌለውን መሸጥ፣ የሌላውን መበደር

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ሁለቱ ስልቶች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው በእጅ የሌለን ነገር ተበድሮ መሸጥ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው በሐምሌ ወር፣ እህል በተወደደበት ጊዜ፣ ከጐረቤቱ አንድ ኩንታል ጤፍ ተበድሮ ይሸጣል እንበል። በጥር፣ አዝመራ ገብቶ ዋጋ ሲወርድ፣ አንድ ኩንታል በርካሽ ገዝቶ ይመልሳል፤ ልዩነቱ ትርፉ ነው። ዋጋው ግን ያልወረደ እንደሆነ ኪሳራው ልክ የለውም። በአምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ1609 ኢሳቅ ለ ሜር የተባለ ነጋዴ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ይህንኑ ስለ ሠራ፣ በማግሥቱ ዓመት መንግሥት ድርጊቱን በአዋጅ ከለከለ።

ይህ ስልት ሁልጊዜ ክፉ ነውን? አይመስለኝም። ዋጋው ያለ አግባብ የተጋነነን ነገር «ይህን ያህል አያወጣም» ብሎ በራሱ ገንዘብ የሚመሰክር ሰው፣ ሌሎች በተጋነነው ዋጋ ገዝተው እንዳይከስሩ ይረዳል። ክፋቱ የሚጀምረው ሰውየው ዋጋው እንዲወርድ ወሬ መንዛት ሲጀምር ነው። ተቃራኒው ማታለልም አለ። አንዳንዶች አንድን ተራ ነገር አስቀድመው በርካሽ ይሰበስቡና «ነገ እጥፍ ይሆናል» እያሉ ያስወራሉ፤ ሕዝቡ ተሻምቶ ሲገዛ የራሳቸውን ሸጠው ይወጣሉ። በሁለቱም ላይ ትርፉ የመጣው ከሐሰት ነው። የአገራችን አዋጅም ገበያን በማታለል ማናወጥን ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከመንበረ ጴጥሮስ የወጣው ስለ ገንዘብ ገበያ ሥነ ምግባር የሚናገር ሰነድም በሌላው ውድቀት ላይ መወራረድ የሚሆኑ ውሎችን በግብረ ገብ ረገድ ተቀባይነት የሌላቸው ብሏቸዋል። ጐረቤቴ ቤቱ ቢቃጠል የማተርፍበት ውል ከያዝሁ፣ እሳቱን ባልለኩስም እንኳ ጸሎቴ ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ስልት ሌቨሬጅ የሚባለው፣ በጥቂት የራስ ገንዘብ ብዙ የብድር ገንዘብ ማንቀሳቀስ ነው። በስልክ የሚካሄደው የውጭ ምንዛሪ ንግድ ወጣቶችን የሚማርከው በዚህ ነው። ስሌቱን እንመልከት። አንድ ወጣት 10,000 ብር ይዞ አንድ ለመቶ በሆነ ብድር ቢገባ 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። የገዛው ገንዘብ አንድ ከመቶ ቢወጣ 10,000 ብር ያተርፋል፤ አንድ ከመቶ ቢወርድ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል። አንድ ከመቶ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊወጣና ሊወርድ የሚችል መጠን ነው። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይህን ሳያዩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን የመሰለውን ውል ከሚዋዋሉት ተራ ሰዎች ሒሳቦች መካከል ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ገንዘብ እንደሚያጡ ገልጾ፣ የብድሩን መጠን የሚወስን ደንብ አውጥቷል። በአውሮፓ፣ ሕግና ተቆጣጣሪ ባለበት አገር፣ ይህ ከሆነ፣ ፈቃድ በሌለው ሰው አማካይነት ገንዘቡን ወደማያውቀው አገር የሚልክ የእኛ ወጣት ምን ተስፋ አለው?

በተጨማሪም አክሲዮንና ምንዛሪ በአንድ ነገር ይለያያሉ። የአክሲዮን ትርፍ ከድርጅቱ ሥራ ሊመነጭ ይችላል፤ በዶላርና በዩሮ መወራረድ ግን አዲስ ነገር አይፈጥርም። አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣው ነው፤ በመካከሉም አገናኙ ድርሻውን ይቈርጣል። እርግጥ ነው፣ ምንዛሪ ራሱ አስፈላጊ ነው። ስንዴ ከውጭ የሚያስገባ ነጋዴ ከሦስት ወር በኋላ የሚከፍለውን ዶላር ዋጋ ዛሬ ቢዋዋል፣ ሥጋቱን ለመሸከም ለሚችል ሰው አስተላለፈ እንጂ አልተቋመረም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ገበያ በየቀኑ 7.5 ትሪሊዮን ዶላር የሚያህል ምንዛሪ ይገዛና ይሸጥ እንደ ነበር የባንኮች ዓለም አቀፍ ባንክ ቆጥሯል። የዓለም አገሮች በዚያ ዓመት እርስ በርስ የተሸጣሸጡት ሸቀጥና አገልግሎት ሁሉ ይህ ገበያ በአምስት ቀን ከሚያዘዋውረው ያነሰ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው አብዛኛው ዝውውር ስንዴ ለሚገዛ ሰው የቆመ አይደለም። ከዚህ ባሕር አንድ ጭልፋ እቀዳለሁ ብሎ የአባቱን በሬ ሸጦ የሚገባው ልጅ «ላም አለኝ በሰማይ» ከሚለው ሰው ይብሳል፤ ያኛው በምድር ያለችውን አልሸጠምና።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ይነሣል፤ «ብሳሳት ኪሳራው የማን ነው?» ሰው በራሱ ትርፍ ገንዘብ ቢሞክርና ቢያጣ ስንፍና ሊሆን ይችላል። በሬው ግን የቤተሰብ ነው። የሚያርሰው ለእናቲቱ፣ ለታናናሾቹ፣ ለዘሩና ለግብሩ ነው። በእነርሱ እንጀራ ላይ ሳያማክሩ መወራረድ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ በደል ነው። ወጣቱን ብቻ መውቀስም አይገባም። ከሰሜን ደጋ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወጣት የወባን ሥጋትና የፀሐይን ትኩሳት ችሎ የሚያገኘውን ሲቈጥር፣ በስልክ የሚታየው ትርፍ ቢያጓጓው ምን ይገርማል? ሥራ ለሠሪው ክብር በማይሰጥበት ቦታ ዕድል እንደ ጣዖት ይመለካል።

ስለ ብር ዋጋ

የምንዛሪ ነገር የሚመለከተው በስልክ የሚነግዱትን ብቻ አይደለም። በብር የሚበላ ሁሉ አለበት። ለብዙ ዓመታት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። በ1985 ዓ.ም. ወደ 5 ብር ከፍ አለ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር እንደገና በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ተሻገረ፤ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥም ከ130 ብር አለፈ።

ስለ ለውጡ ጥቅምና ጉዳት ባለሙያዎች ይከራከራሉ። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ በፊት የነበረው ትርፍ ከየት ይመጣ እንደ ነበር ነው። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል እጥፍ ገደማ ልዩነት በነበረበት ጊዜ፣ በትውውቅ ከባንክ ዶላር አግኝቶ በጓዳ የሚሸጥ ሰው ዳገት አልወጣም፤ ሥጋትም አልተሸከመም። ትርፉ ተራውን ጠብቆ መድኃኒት ለማስገባት ወረፋ ከያዘው ሰው የተወሰደ ነው። ሰሊጥ ላኪዎችም አገር ውስጥ በውድ ገዝተው በዓለም ገበያ በኪሳራ ይሸጡ ነበር፤ ኪሳራውን በዶላሩ ባስገቡት ሸቀጥ ላይ ያካክሱታል። ስለዚህ የሰሊጡን ኪሳራ የሚከፍለው በመጨረሻ ዘይትና ሳሙና ገዢው ነበር። ዋጋ ሐሰት ሲናገር ሐቀኛው ነጋዴ ሳይወድ ይዋሻል።

ስለ ጥቁር ገበያ ስንናገር አንድ ከባድ ጥያቄ አናልፍም። ልጅዋ ከዓረብ አገር የላከላትን ጥቂት ዶላር በጓዳ የመነዘረች እናት ምን እንበላት? ሕጉ ግልጽ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የሚመነዘረው ፈቃድ ባለው ቦታ ነው። ሕግን መጠበቅም የጋራ ጥቅምን መጠበቅ ነው። ነገር ግን የእርስዋና በትውውቅ ዶላር አግኝቶ የቸረቸረው ሰው ጥፋት አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም። እርስዋ የሸጠችው የልጅዋን ላብ ነው፤ እርሱ የሸጠው የሰውን ተራ ነው። አሁን ፈቃድ ያላቸው የምንዛሪ ቢሮዎችም ስለ ተከፈቱ የቀድሞው ምክንያት ቀልሏል። መካሪ ካህን ሁለቱን ሳይለይ አንድ ፍርድ ቢፈርድ፣ በድሀይቱ ላይ የሚበረታ፣ በባለጸጋው ላይ የሚለሰልስ ፍርድ ይሆናል።

የስንዴው ነጋዴ

የቀረው ጥያቄ ስለ ዕውቀት ነው። እኔ የማውቀውን ሌላው ባያውቅ በአለማወቁ ማትረፍ ይገባኛልን? ይህን ጥያቄ ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት አንሥቶታል። በሮድስ ደሴት ረሀብ ነበር። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ መርከብ ሙሉ እህል ይዞ ደረሰ፤ ሌሎች ብዙ መርከቦች ከኋላው እንደሚመጡም ያውቃል። ለሕዝቡ ይንገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ መናገር እንደሚገባው ፈረደ። በ13ኛው ምእተ ዓመት ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ይህን የመሰለውን ጥያቄ መርምሮ ለየት ያለ መልስ ሰጠ፤ ነጋዴው ዛሬ ባገኘው ዋጋ ቢሸጥ ፍትሕን አልጣሰም፤ ቢናገር ወይም ዋጋውን ቢቀንስ ግን የላቀ ምግባር ይሆንለታል አለ።

ይህን ወደ አገራችን እናምጣው። መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ሰንብቶ በዛሪማ እህል ተወደደ እንበል። አንድ ባለ መኪና በመጀመሪያ ደረሰ፤ ከኋላው አምስት መኪና እንደሚከተል ያውቃል። በቅዱስ ቶማስ ፍርድ ይህ ሰው ሌባ አይደለም። እህሉ ደኅና ነው፤ ሚዛኑ ትክክል ነው፤ መንገዱንም ተጉዟል። የነገ ዋጋ የእህሉ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን አንዲት ሴት «ነገ ሌላ መኪና ይመጣ ይሆን?» ብላ ብትጠይቀውና «አይመጣም» ቢላት፣ በዚያች ደቂቃ ከነጋዴነት ወደ አታላይነት ተሻገረ። ዝምታ ፍትሕን ላይጥስ ይችላል፤ ሐሰት ግን ሁልጊዜ ይጥሳል። በዝምታና በሐሰት መካከል ደግሞ የፍቅረ ቢጽ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ክርስቲያን የሚፈተነው በዚያ ሜዳ ላይ ነው።

አሁን ይህን ባለ መኪና ከሌላ ሰው ጋር እናስተያይ። አንድ ባለሥልጣን ወይም የባንክ ሹም ነገ የብር ዋጋ እንደሚቀንስ በሥራው ምክንያት አውቆ ዛሬ ዶላር ይገዛል፤ ወይም ድርጅቱ መክሰሩን ሕዝብ ሳይሰማ አክሲዮኑን ይሸጣል። «እኔም እንደ ስንዴው ነጋዴ ዝም አልሁ እንጂ አልዋሸሁም» ቢል ይጸድቃልን? አይጸድቅም። የስንዴው ነጋዴ ዕውቀቱን ያገኘው በራሱ ጉዞ ነው፤ የእርሱ ግን በዐደራ የተሰጠው ነው። የውስጥ መረጃን ለግል ጥቅም ማዋል በሕጋችን የተከለከለውም ስለዚህ ነው። በዐደራ የተቀመጠን እህል የሚሸጥ ሰው ሌባ ከሆነ፣ በዐደራ የተቀመጠን ዕውቀት የሚሸጥ ሰው ስሙ ሌላ ሊሆን አይችልም።

በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው እጅግ ስለ ወደቀ አንዳንድ ገበሬ የደረሰውን ሰብል ለማንሣት እንኳ አላዋጣው ብሎ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ሚሊዮኖች ለረሀብ ተጋለጡ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር ከዓላማዎቹ አንዱ የዋጋ ዕውቀት ለገበሬውም እንዲደርስ ነበር። የገበሬው አለማወቅ ለብዙ ዘመን የሌሎች የትርፍ ምንጭ ሆኖ ኖሯልና። እውነተኛ ዋጋ ለሁሉ የሚታይበት ገበያ መሥራት ምጽዋት ከመስጠት የማያንስ በጎ ሥራ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ውድ አንባብያን፤ ከላይ ያልነውን ለመሰብሰብ፣ ወደ ማናቸውም ንግድ የሚገባ ሰው ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ትርፌ ከየት ይመጣል፤ ከሥራ ነው፣ ሥጋትን ከመሸከም ነው፣ ወይስ ከሰው አለማወቅና ችግር? ብሳሳት ኪሳራው የማን ነው፤ የራሴ ነው ወይስ ያልተማከሩት የቤተሰቤ? በወዲያ በኩል ያለው ሰው ፊት ለፊት ቢጠይቀኝ እውነቱን እነግረዋለሁን?

ሦስተኛው ጥያቄ በስልክ ለሚካሄደው ንግድ ይልቁንም ያስፈልጋል። በዛሪማ ገበያ ማሽላ የሚገዛ ሰው ሻጩን ያየዋል፤ ልብሱን፣ ልጁን፣ ድካሙን ያያል። በስልኩ መስታወት ላይ ግን የሚታየው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ሲወርድ የሚያዝን ሰው በወዲያ በኩል መኖሩ ይረሳል። አዳዲሶቹ ቃላት ሁሉ፣ በሬውም ድቡም፣ ያንን ሰው የመሸፈን ጠባይ አላቸው።

እንግዲህ ልጁ «ልግባበትን?» ብሎ ሲጠይቀው አባት መልሱን በቁጣ አይዝጋው። አብሮት ይቀመጥና ሒሳቡን ያሠራው፤ ብድሩ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ፣ ፈቃዱን ማን እንደ ሰጠው ይጠይቀው። ልጁ ለመመለስ ካልቻለ በሬው ይቈይ። አክሲዮን ለመግዛት ከሆነም ድርጅቱን አውቆ፣ ከተረፈው ቈጥቦ፣ ለዓመታት ታግሦ ይግዛ። የዛሪማ ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ ሊማሊሞን ሲወጣ የመጨረሻውን ጠመዝማዛ በአንድ እርምጃ አልደረሰበትም።